ላዩ ደህና የሆነ ምላስ

የምላስ ካንሰር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አልድን ያለ ቁስል ነው። ከትምባሆና ከመጠጥ ጋር የሚያያዘው የተለመደው ዓይነት፣ ከምላስ ስስ ሽፋን ስለሚነሣ፣ እውነትም እንዲያ ነው። አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ የሚባለው ግን ከሥር ይጀምራል። ከሦስቱ ጥንድ ትልልቅ የምራቅ ዕጢዎች ሌላ፣ በከንፈር፣ በጉንጭ፣ በላንቃና በምላስ ውስጥ ከ600 እስከ 1000 የሚገመቱ ጥቃቅን ዕጢዎች ተበትነዋል፤ መነሻው ከእነዚህ አንዱ ነው። ሲጋራ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰውም ይይዘዋል።

ስለዚህ በዓይን ብቻ አይገኝም። ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ ምላሱን ሲዳብስ ጠጠር ያለ እብጠት ያገኛል። እብጠቱ ቀስ እያለ ለዓመታት ስለሚያድግ ሕመምተኛው ይለምደዋል። ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው ነርቭ ነው፤ ይህ ካንሰር ነርቭን ተከትሎ የመጓዝ ክፉ ጠባይ አለው። የምላስ አንዱ ጎን ይደነዝዛል ወይም ያቃጥላል፤ «ምላስዎን ያውጡ» ሲባልም ወደ ታመመው ጎን ሊያጋድል ይችላል። እንዲህ ያለውን መደንዘዝ የጥርስ ጣጣ ነው ብሎ ማለፍ ውድ ጊዜ ያስበላል።

ከላይ ተፍቆ የሚወሰድ ናሙና «ካንሰር የለም» ሊያሰኝ ይችላል፤ ሽፋኑ ጤነኛ ነዋ! እብጠቱ ውስጥ የሚገባ ጥልቅ ናሙና ያስፈልጋል። ናሙናው በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ተነክሮ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ፣ ጠቆር ያሉ ሕዋሳት ክብ ክብ ቀዳዳዎችን ከበው የእንጀራ ዓይን መስለው ይታያሉ። ቀዶ ሐኪሙ ቴዎዶር ቢልሮት እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በርሊን ሳለ ይህን ካንሰር «ሲሊንድሮማ» ብሎት ነበር።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ ግልጽ አይሆንም። ናሙናው ትንሽ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ላይታዩ ይችላሉ፤ ፖሊሞርፈስ አዴኖካርሲኖማ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ገራም የሆነው ዘመዱም ይመስለዋል፤ እሱም ነርቭ ይከተላል። እዚህ ላይ የዘር ምርመራ ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ2009 በስዊድን የጎተንበርግ ተመራማሪዎች በዚህ ካንሰር ውስጥ ኤምዋይቢ እና ኤንኤፍአይቢ የሚባሉ ሁለት ጂኖች ተጣብቀው እንደሚገኙ አሳዩ። ይህ መጣበቅ ከተገኘ ጥርጣሬውን ያጠናክራል፤ አለመገኘቱ ግን ነጻ አያወጣም።

ከዚያ በኤምአርአይ የነርቩ መንገድ እስከ ራስ ቅል ሥር ይታያል። ደረትም በሲቲ ይነሣል፤ ከአንገት ንፍፊት ይልቅ ወደ ሳንባ መሄድ ይቀናዋልና። ሳንባ ላይ ከአሥር ዓመት በኋላ ብቅ የሚልበት ጊዜ ስላለ፣ አምስት ዓመት በሰላም ያለፈ ሕመምተኛም ከክትትል አይሰናበትም።