የኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ጉድለትና ከርነሉ የሚያደርገው ጥንቃቄ

የንግድ ሥራ በሒሳብ ላይ የቆመ መሆኑ የታወቀ ነው። ቀድሞ በመዝገብ ላይ በእጅ ይጻፍ የነበረው ሒሳብ ዛሬ በብዙ የንግድ ቤቶች በኮምፒዩተር የሚያዝ ሲሆን፣ ደመወዙም፣ የዕቃው ቆጠራም፣ የግብሩም ስሌት ከዚያው ይወጣል። ነጋዴው የሒሳብ ሠራተኛውን ስሕተት ይጠረጥራል፤ አልፎ አልፎም ፕሮግራሙን ይጠረጥር ይሆናል። ቁጥሩን በእርግጥ የሚደምረውንና የሚያካፍለውን ፕሮሰሰር የሚጠረጥር ግን እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ፕሮሰሰርም የሰው ሥራ ስለሆነ ጉድለት ይገኝበታል። ከሁሉ የሚያስቸግረውም፣ ጉድለቱ በሲሊኮኑ ላይ ተቀርጾ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ፍቆ ማረም የማይቻል መሆኑ ነው። ስለዚህ ጉድለቱን ለይቶ የማወቅና በዙሪያው ሌላ መንገድ የማበጀት ሥራ በአብዛኛው የወደቀው ከርነል በሚባለው ክፍል ላይ ነው። ይህ ሥራ እንዴት እንደሚከናወንና ነጋዴውን በምን በኩል እንደሚነካው ከዚህ በታች እንገልጻለን። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከርነል ማለት ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስን የመሰለው የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። ሜሞሪውን ለፕሮግራሞች የሚያድል፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሥራ ተራ የሚሰጥ፣ አንዱም የሌላውን እንዳይነካ የሚጠብቅ እርሱ ነው። በንግድ ቤት ቢመሰል፣ የመጋዘኑን ቁልፍና የሠራተኛውን ተራ የያዘ ሥራ አስኪያጅ ማለት ነው።

ስለ ፕሮሰሰር ጉድለት ሲነሣ በጣም የታወቀው ምሳሌ በ1994 በኢንቴል ኩባንያ ፔንቲየም ላይ የታየው ነው። በአሜሪካ በቨርጂንያ፣ በሊንችበርግ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ቶማስ ናይስሊ ከ1ና ከራሳቸው በስተቀር ለሌላ የማይካፈሉ፣ እርስ በርሳቸውም በ2 የሚበላለጡ መንታ ቁጥሮችን እየመረመሩ ሳለ የማካፈሉ ውጤት አልስማማ አላቸው። ወራት የፈጀ ፍለጋ አድርገው ፕሮግራማቸውንና የኮምፒዩተሩን ሌሎች ክፍሎች አንድ በአንድ ካጣሩ በኋላ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ መሆኑን አረጋገጡ። ፕሮሰሰሩ በፍጥነት እንዲያካፍል የሚመለከተው ሠንጠረዥ በውስጡ የተቀረጸለት ሲሆን፣ ኢንቴል በወቅቱ እንደገለጸው ከ1,066 የሠንጠረዡ ቁጥሮች 5ቱ ሳይገቡ ቀርተው ነበር።

ኩባንያው ስለ ጉድለቱ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ነገሩ በይፋ ከወጣ በኋላም፣ በሥራው ምክንያት በእርግጥ ለሚጎዳ ሰው ብቻ እንደሚለውጥ አስታወቀ። አንድ ተራ ተጠቃሚ ስሕተቱን የሚያገኘው በ27,000 ዓመት አንድ ጊዜ ነው ሲልም አስረዳ። አይ.ቢ.ኤም. በበኩሉ በ24 ቀን አንድ ጊዜ ሊደርስ ይችላል ብሎ ይህ ፕሮሰሰር ያለባቸውን ኮምፒዩተሮች መላኩን አቆመ። በመጨረሻ ኢንቴል በዲሴምበር 20 ቀን 1994 ለጠየቀው ሁሉ ያለ ጥያቄ እንደሚለውጥ ገለጸ፤ የወጪውም ሒሳብ 475 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በእኛ አስተያየት የኩባንያው የመጀመሪያ መልስ ከንግድ ጠባይ የራቀ ነበር፤ ሚዛን የሸጠ ሰው ሚዛኑ ማጉደሉ ከታወቀ በኋላ ገዥውን «ለመሆኑ ስንት ኩንታል ትመዝናለህ?» ብሎ ሊጠይቀው አይገባምና።

ጉድለቱን ለመለየት የሚደረገው ፈተናም የሚዛንን ፈተና ይመስላል። ክብደቱ የታወቀ የብረት መመዘኛ በሚዛኑ ላይ ይቀመጥና ሚዛኑ እውነቱን ይናገር እንደሆነ ይታያል። ለዚያ ዘመን ፕሮሰሰሮች የተሠራው የሊኑክስ ከርነልም ኮምፒዩተሩ ሲነሣ 4,195,835ን ለ3,145,727 ያካፍልና ውጤቱን በ3,145,727 መልሶ ያባዛል፤ ከዚያም ከመጀመሪያው ቁጥር ይቀንሰዋል። ልኩ የሆነ ፕሮሰሰር 0 ይመልሳል፤ ጉድለት ያለበት ግን 256 ይመልሳል። ቁጥሩ ብር ቢሆን 256 ብር ማንም ሳይወስደው ከሒሳብ ጠፋ ማለት ነው። ፈተናውን ለወደቀው ፕሮሰሰር ሁለት ዓይነት መላ ነበረ። አንደኛው፣ ዊንዶውስ ኤን.ቲ. እንዳደረገው፣ የፕሮሰሰሩን የማካፈያ ክፍል ትቶ ስሌቱን በሶፍትዌር እንዲሠራ ማዘዝ ነው፤ ይህ እርግጠኛ ቢሆንም እጅግ የዘገየ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይረቃል፤ ይኸውም አካፋዩ ወደሚያሳስተው የሠንጠረዡ ክፍል የሚወድቅ ሲሆን ተካፋዩንም አካፋዩንም በ15/16 አባዝቶ ማካፈል ነው። ሁለቱም በአንድ ልክ ስለ ተለወጡ መልሱ አይለወጥም፤ ስሌቱ ግን የጎደለውን የሠንጠረዥ ቦታ ሳይነካ ያልፋል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ በዚያው በፔንቲየም ላይ ሌላ ዓይነት ጉድለት ተገኘ። ይህኛው ቁጥር የሚያሳስት ሳይሆን ኮምፒዩተሩን በድን የሚያደርግ ነበር። ምንም ልዩ ሥልጣን የሌለው ተጠቃሚ በ4 ባይት የምትጻፍ አንዲት ሕገ ወጥ ትእዛዝ ቢሰጥ፣ ፕሮሰሰሩ የሜሞሪውን መንገድ ቆልፎ እንደያዘ ከርነሉን ለመጥራት ይሞክራል፤ መንገዱ ግን በራሱ እጅ ስለ ተቆለፈ መድረስ አይችልም። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን በላዩ ላይ የዘጋ ዘበኛ ማለት ነው። አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰዎች በሚያገለግልበት ቦታ ይህ ምን ያህል አደጋ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

የሊኑክስ ሠሪዎች ያበጁት መላ የሚደነቅ ነው። ፕሮሰሰሩ ችግር ሲደርስበት ማንን እንደሚጠራ የሚመለከትበት ዝርዝር በሜሞሪ ውስጥ አለ። ጉድለቱ ሲነሣ ፕሮሰሰሩ ያንን ዝርዝር የሚቀርበው ሊያነብበት ብቻ ሳይሆን እንደሚጽፍበት ሆኖ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ የሚገኝበትን የሜሞሪ ገጽ «ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም» በሚል ትእዛዝ ዘጉት። ፕሮሰሰሩም ሊጽፍበት ሲቀርብ ይከለከላል፤ በመከልከሉም ሌላ ዓይነት ጥሪ ያሰማል፤ ይህኛው ጥሪ ደግሞ ለከርነሉ ይደርሰዋል። ከርነሉ ጥሪው ከየት እንደ መጣ አይቶ ጥፋተኛውን ፕሮግራም ብቻ ያስቆማል፤ የሌላው ሰው ሥራ ይቀጥላል። ከቺፑ ላይ አንዳች ነገር አልተለወጠም።

ሁሉንም ጉድለት ግን በፈተና መለየት አይቻልም፤ አንዳንዱን መፈተን ኮምፒዩተሩን መግደል ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ዘዴ ፕሮሰሰሩን ማንነቱን መጠየቅ ነው። ሲ.ፒ.ዩ.አይ.ዲ. የምትባል ትእዛዝ የሠሪውን ኩባንያ፣ የፕሮሰሰሩን ቤተሰብ፣ ሞዴልና እትም ታስታውቃለች። ኩባንያዎቹም በመጽሐፍ መጨረሻ «ስሕተት» እና «እርማት» ተብሎ እንደሚታተመው፣ ለየሞዴሉ የታወቁትን ጉድለቶች ዝርዝር ያወጣሉ። ከርነሉ የቀረበለትን ስም ከያዘው ዝርዝር ጋር ያስተያያል፤ የሚመለከተውን ጉድለት ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያም የራሱን ትእዛዞች ለዚያ ፕሮሰሰር በሚስማሙ ትእዛዞች ተክቶ ሥራ ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ኮምፒዩተሩ ተከፍቶ የመግቢያው መስኮት ሳይታይ ነው። ሊኑክስን የሚጠቀም ሰው የፕሮሰሰሩን መግለጫ ፋይል ቢከፍት «ጉድለቶች» በሚል መስመር ላይ ተጽፈው ያገኛቸዋል፤ መስመሩ ረጅም ሆኖ ቢያየው ሊደነግጥ አይገባም።

ሌላው መሣሪያ ማይክሮኮድ ነው። ኢንቴል በ1995 ካወጣው ከፔንቲየም ፕሮ ወዲህ፣ የፕሮሰሰሩን ውስጣዊ አሠራር በከፊል የሚለውጥ አነስተኛ ፕሮግራም ከውጭ ሊጫን ይችላል። ነገር ግን ይህ እርማት በፕሮሰሰሩ ላይ አይቀርም፤ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ባዮሱ ወይም ከርነሉ በተነሣ ቁጥር እንደገና ይጭነዋል፤ መብራት በቀን ሦስት ጊዜ በሚጠፋበት ሰፈር በቀን ሦስት ጊዜ ይጫናል ማለት ነው። ሁለቱ ዘዴዎች እንዴት እንደሚተጋገዙ በ2023 የጉግል ባልደረባ የሆኑት ታቪስ ኦርማንዲ በኤ.ኤም.ዲ. ዜን 2 ፕሮሰሰሮች ላይ ያገኙት ጉድለት ያሳያል። በዚህ ጉድለት የአንዱ ፕሮግራም ምስጢር ለሌላው ይታይ ነበር። የሊኑክስ ከርነል በመጀመሪያ የታረመው ማይክሮኮድ መጫኑን ያያል፤ ካልተጫነ በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚገኘውን አንድ ማጥፊያ ተጭኖ ጉድለት ያለበትን አሠራር ይዘጋዋል። እንደዚህ ያሉትን ማጥፊያዎች ሠሪዎቹ አዲሱ አሠራር ቢያሳፍራቸው ብለው አስቀድመው የሚያስቀምጧቸው ናቸው።

በዙሪያ መሄድ ግን ዋጋ አለው። ይህም በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት ጉድለቶች በተገለጹ ጊዜ በግልጽ ታየ። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ፈቃድ እስኪረጋገጥ ሳይጠብቅ ወደፊት እየገመተ ይሠራል። አንድ ትጉህ የመጋዘን ሠራተኛ ደንበኛው የመውጫ ወረቀት እስኪያመጣ ሳይጠብቅ ዕቃውን አውርዶ ያዘጋጃል እንበል፤ ወረቀቱ ካልተፈቀደ መልሶ ይሰቅላል። ዕቃው በቦታው ቢመለስም ከየትኛው መደርደሪያ ወርዶ እንደ ነበረ በአቧራው ላይ የቀረው ዱካ ይናገራል። ሜልትዳውንም ካሽ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ውስጥ የቀረውን ዱካ በጊዜ እየለካ፣ ለተራ ፕሮግራም የተከለከለውን የከርነሉን ሜሞሪ ያነብ ነበር፤ የይለፍ ቃልም ከዚያ ሊገኝ ይችላል።

ቀድሞ ከርነሉ የራሱን ሜሞሪ በእያንዳንዱ ፕሮግራም የአድራሻ ካርታ ላይ እያኖረ በፈቃድ ብቻ ይጠብቀው ነበር። በኦስትሪያ የግራትስ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት አሁን ሁለት ካርታ ይይዛል፤ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ካርታ ላይ የከርነሉ ሜሞሪ ከጥቂት መግቢያ በስተቀር ጭራሽ አይታይም። ነገር ግን ፕሮግራሙ ከርነሉን በጠራ ቁጥር ካርታ መለወጥ ስላለበት ጊዜ ይወስዳል። ይህ መዘግየት ፊልም ለሚያይ ሰው የማይታወቅ ሲሆን፣ ዲስክና መረብ ደጋግሞ ለሚነካው የመረጃ ቋት ግን ይሰማል፤ የንግድ ቤት የሒሳብ ፕሮግራምም ከዚህ ወገን ነው። የኤ.ኤም.ዲ. ፕሮሰሰሮች ለሜልትዳውን የተጋለጡ ስላልነበሩ፣ አዳዲሶቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በሥሪታቸው ስለ ታረሙ፣ ከርነሉ ማንነታቸውን አይቶ ይህን ሸክም ይተውላቸዋል። አንዳንድ ባለሙያ «ፍጥነት ልጨምርልዎ» ብሎ መከላከያውን እንዲያጠፋ ቢጠይቅ፣ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ የሒሳብ ኮምፒዩተር ላይ ሊፈቀድለት አይገባም፤ ስፔክተር በኢንተርኔት ማሰሻ በኩልም ሊሠራ መቻሉ ታይቷልና።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋ አንድ ዓይነት ጉድለት ቀርቷል። እስካሁን ያነሣናቸው የአንድ ሞዴል ሁሉ የጋራ ጉድለቶች ስለሆኑ በዝርዝር ሊመዘገቡ ይችላሉ። በ2021 ግን ፌስቡክና ጉግል በየራሳቸው ባወጡት ጽሑፍ፣ ከወንድሞቻቸው ተለይተው ብቻቸውን የሚሳሳቱ ፕሮሰሰሮች መኖራቸውን ገለጹ። ፌስቡክ በጠቀሰው ምሳሌ 1.1 በራሱ 53 ጊዜ ሲባዛ ሙሉ ቁጥሩ 156 መሆን ሲገባው አንድ ፕሮሰሰር 0 አወጣ። ስሌቱ የፋይል መጠን ለማወቅ የሚያገለግል ስለ ነበረ፣ መጠኑ 0 የተባለው ፋይል ባዶ ነው ተብሎ ሳይጻፍ ቀረ፤ ማስጠንቀቂያም አልታየም። ከርነሉ ለዚህ ስም የለውም። መለያው ወደ ሚዛኑ ፈተና መመለስ ብቻ ነው፤ ይኸውም መልሳቸው የታወቀ ስሌቶችን በየጊዜው ማሠራት ነው። እንደዚህ ያለ ፕሮሰሰር እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ የወሩን ጠቅላላ ድምር በሌላ ኮምፒዩተር ደግሞ ማውጣት ለሒሳብ ሠራተኛ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

በገበያችን ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች በብዛት ስለሚሸጡ ገዥው ሁለት ነገር ቢያይ መልካም ነው። የመጀመሪያው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አሁንም ማሻሻያ፣ በተለምዶ አፕዴት የሚባለው፣ የሚወጣለት መሆኑን ነው፤ የጉድለቱ ዝርዝርም ማይክሮኮዱም የሚመጡት በዚሁ በኩል ነውና። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ከዚያ ወዲህ የሚታወቅ ጉድለት ለተራዘመው ድጋፍ ባልተመዘገበ ኮምፒዩተር ላይ በዚህ መንገድ አይታረምም። ሁለተኛው የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። በኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሮች ላይ ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ ግፊት ጉዳት እያደረሰ ኮምፒዩተሮች ይቆሙ ስለ ነበረ፣ ኩባንያው በ2024 ማይክሮኮዱን አርሟል፤ የዋስትናውንም ጊዜ በ2 ዓመት አራዝሟል። እርማቱ ገና ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ አስቀድሞ የተጎዳውን አይመልስም። ስለዚህ ከእነዚህ ትውልዶች ያገለገለ የሚገዛ ሰው እርማቱ በባዮሱ መጫኑን፣ ዋስትናውም እስከ መቼ እንደሚቆይ ሻጩን ጠይቆ የመጀመሪያውን ደረሰኝና የፕሮሰሰሩን መለያ ቁጥር አብሮ ይረከብ።