ከአኩፋዳ እስከ ፋውንዴሽን፦ የልጆችን የዜማና የመድረክ ትምህርት ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው?

በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ገጠሮች ደበሎ የለበሰና አኩፋዳ ያንጠለጠለ ልጅ ከደጅ ቆሞ “በእንተ ስማ ለማርያም” ሲል የቤቱ ባለቤት ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። ቁራሽ እንጀራ፣ እፍኝ ቆሎ ወይም ከማዕዱ የተረፈውን ትሰጠዋለች። ልጁ መርቆ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል።

ይህን ልማድ ብዙዎች በልመና ዓይን ያዩታል። የሥራውን ጠባይ ላስተዋለ ግን በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ ካላቸው የወጣቶች የዜማ ሥልጠና ድጋፎች አንዱ ነው። የቆሎ ተማሪው ድጓ፣ ዝማሬ፣ መዋሥዕት ወይም አቋቋም የሚማረው ከቤተሰቡ ርቆ ነው። ለመምህሩ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም፤ ዕለታዊ ጉርሱ ከመንደርተኛው ምጽዋት ይመጣል።

ዛሬ በአዲስ አበባ የዳንስ፣ የሰርከስና የሙዚቃ ማሠልጠኛዎች የሚማሩ ልጆችም ከዚህ የተለየ ጥያቄ የለባቸውም። ሥልጠናው ዓመታትን ይፈልጋል፤ የልጆቹ ቤተሰቦች ግን የመክፈል አቅም የላቸውም። ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? የሚሰጠው ሰው ወይም ድርጅት እጁን የሰበሰበ ዕለትስ ልጁ ምን ይሆናል?

በምጽዋት የቆመ ትምህርት ቤት

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት በስድስተኛው ምዕተ ዓመት በነበረው በቅዱስ ያሬድ ስም ይጠራል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተሰኙት ሦስቱ የዜማ ስልቶች የትምህርቱ መሠረት ናቸው። ተማሪው ድምፁን ብቻ አያሠለጥንም። አቋቋም ሲማር መቋሚያውን፣ ጸናጽሉን፣ ከበሮውንና የሰውነቱን እንቅስቃሴ ከዜማው ጋር ማዋሐድ ይጠበቅበታል። ስለዚህም ትምህርቱ ሙዚቃንና የመድረክ ጥበብን በአንድነት የያዘ ነው ማለት ይቻላል።

ለዚህ ትምህርት ስመ ጥር የሆኑ ጉባኤ ቤቶች አሉ። ጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና በመዋሥዕት፣ ጎንደር ደግሞ በአቋቋም ይታወቃሉ። ተማሪዎቹ በመምህራቸው ቤት ዙሪያ ትናንሽ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። አንዱን የትምህርት ዘርፍ ለመጨረስ ብቻ ዓመታት ይፈጃል፤ ሁሉንም አዳርሶ መምህር ለመሆን የወጣትነት ዘመንን መስጠት ያስፈልጋል።

ሥርዓቱ ሁለት ምሰሶዎች ነበሩት። ተማሪውን የሚመግበው የመንደሩ ሰው ሲሆን፣ መምህሩንና አገልጋዩን የሚያኖረው በአብዛኛው ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው መሬት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ሁለተኛው ምሰሶ ወደቀ። የቀረው ምጽዋቱ ነው። ምጽዋት ደግሞ ከአዝመራው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ድርቅ ሲመጣ፣ ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ወይም የእህል ዋጋ ሲንር የገበሬው መሶብ ይሳሳል፤ የተማሪው አኩፋዳም አብሮ ይጎድላል።

በዚህ ምክንያት ባለፉት አሥርት ዓመታት ማኅበረ ቅዱሳንን የመሳሰሉ ማኅበራት፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ምእመናንም ጭምር፣ ለአብነት ትምህርት ቤቶች ድጋፍ ማድረግ ጀምረዋል። ቀድሞ በመንደርተኛው እጅ የነበረው ኃላፊነት በከፊል ወደ ሩቅ ለጋሾች ተሸጋግሯል ማለት ነው።

ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ ልጆች

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የነበረው ትልቁ ደጋፊ ቤተ መንግሥቱ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም ወላጅ አልባ ልጆች የሚጫወቱበት የነፋስ መሣሪያ ባንድ አዩ። ልጆቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመኖች ላይ ከተፈጸመው ጭፍጨፋ የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ከፓትርያርኩ ጋር ተስማምተው አርባዎቹን ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ። ልጆቹ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ “አርባ ልጆች” የሚለው ስያሜም በዚያው ጸንቶ ቀረ።

መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋለኞቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎችን በማሠልጠን የዘመናዊውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ድምፅ ከቀረጹት አንዱ ሆነ።

ለአርባ ወላጅ አልባ ልጆች የተዋለው ውለታ ለአንድ አገር የሙዚቃ ታሪክ መነሻ ሆነ። ይሁን እንጂ ባንዱ የቆመው በአንድ ሹም ፈቃድ ነው። የቤተ መንግሥት ድጋፍ ፈጥኖ ይጀምራል፣ በአንድ ቃልም ብዙ ያደርጋል፤ ዕድሜው ግን ከሰጪው ፍላጎትና ከዘመኑ አይረዝምም። የጥበብ ሥልጠና ከአንድ ሰው ቸርነት ወጥቶ መደበኛ በጀት ያገኘው እንደ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያሉ የመንግሥት ተቋማት ሲመሠረቱ ነው። እነዚህ ተቋማት የሚቀበሉት ቁጥር ከሚፈልገው ወጣት ጋር ሲነጻጸር ዛሬም ጥቂት ነው።

ከጎዳና ወደ መድረክ

ሦስተኛው መንገድ የፕሮጀክት ድጋፍ ነው። እአአ በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም ከባልደረቦቹ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ በጎዳና ሕይወት ያለፉ ከመቶ በላይ ልጆችን አሰባስቦ የካርል ኦርፍን “ካርሚና ቡራና” በዳንስ ለመድረክ አበቃ። ከዚህ ሥራ አዱኛ የተሰኘው የማኅበረሰብ የዳንስ ቴአትር ቡድን ተወለደ። ቡድኑ በአዲስ አበባ ለድሃ ቤተሰቦች፣ በተለይም መንታ ለወለዱ እናቶች ድጋፍ ለመስጠት ከተቋቋመው ጀሚኒ ትረስት ጋር የተሳሰረ ነበር።

የአዱኛ ልዩነት የጊዜው ርዝመት ነው። ለድሃ ልጆች የሚዘጋጁ ብዙ የጥበብ ፕሮጀክቶች በጥቂት ሳምንታት ልምምድና በአንድ ትርኢት ሲያበቁ፣ ለአዱኛ የተመረጡት ወጣቶች የአምስት ዓመት ሥልጠና አግኝተዋል። ዳንስ ብቻ ሳይሆን ማስተማርንም ተምረው፣ ለሌሎች የጎዳና ልጆችና ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች አሠልጣኞች ሆነዋል። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር የመሥራት ዕድል አገኘ። እርሱና አዲሱ ደምሴ ከጊዜ በኋላ ዴስቲኖ የዳንስ ቡድንን መሠረቱ። ማልዱም ራሱም እአአ በ2003 በርሊን ውስጥ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ሁለት መቶ ሃምሳ ያህል ልጆችን አሠልጥኖ ሥራው በፊልም ተቀርጾ በዓለም ታይቷል።

የፕሮጀክት ድጋፍ ድካሙ የተቆረጠ የጊዜ ገደብ ያለው መሆኑ ነው። ለጋሹ ብዙ ጊዜ የሚፈርመው ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በደንብ የሠለጠነ ዳንሰኛ ለመሆን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ያስፈልገዋል። ውሉ በሥልጠናው መካከል ሲያበቃ ልጁ ወደ ቀድሞ ኑሮው የሚመለሰው ያልተጠናቀቀ ሙያ ይዞ ነው። አንድ ጊዜ ተስፋ ከተሰጠው በኋላ የሚመጣ በመሆኑ ይህ ጉዳት ከጅምሩ ዕድል ካለማግኘት የከፋ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የኢትዮጵያ የሰርከስ ቡድኖች የራሳቸውን ገቢ ለማግኘት ሞክረዋል። በአዲስ አበባ ፈካት ሰርከስ፣ በደብረ ብርሃን ደግሞ ሰርከስ ደብረ ብርሃን ሥልጠናን ከትርኢት ጋር አጣምረው ይሠራሉ። ትርኢት የሚያስገኘው ገቢ ከለጋሽ የሚመጣውን ገንዘብ ባይተካም፣ ለጋሹ ሲዘገይ ልምምዱ እንዳይቋረጥ ያግዛል።

የእማሆይ ፒያኖ

አራተኛው መንገድ ጥበበኛው ራሱ ለጋሽ የሚሆንበት ነው። በ1916 ዓ.ም. የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን ባለሙያ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥልጠናቸውን ቀጠሉ። እንዲህ ያለው ትምህርት በዘመኑ የሚገኘው ከባለሥልጣን ቤተሰብ ለተወለደ ልጅ ብቻ ነበር፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ነበሩ። ወደ እንግሊዝ ሄደው ሊማሩ የነበረው ዕድል ግን በፈቃድ ክልከላ ሲቀር፣ በወጣትነታቸው ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ገብተው መነኮሱ።

በኋላ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ያዩት ነገር የሙዚቃቸውን ዓላማ ወሰነ። የዜማ ተማሪዎቹ ምግብ እየለመኑ ውለው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያድሩ ነበር። የሚሰጡት ገንዘብ ያልነበራቸው መነኩሲት በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ወሰኑ። እአአ በ1967 በጀርመን የታተመው የመጀመሪያው ሸክላቸው ገቢ ለበጎ ሥራ እንዲውል አደረጉ።

እማሆይ መጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አርፈዋል። በስማቸው የተቋቋመው የሙዚቃ ፋውንዴሽን የመክፈል አቅም የሌላቸው ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ የማገዝ ዓላማ ይዟል። ሸክላው አንድ ጊዜ ይቀረጻል፤ በተሸጠ ወይም በፊልም ውስጥ በተሰማ ቁጥር ግን ለመብቱ ባለቤት ገቢ ሊያስገኝ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው መብቱ በጽሑፍ የታወቀና የተጠበቀ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ በርካታ ድምፃውያንና የሙዚቃ ደራስያን ሥራቸው በሰፊው እየተሰማ ገቢው ሳይደርሳቸው ስለቀረ ይህ መንገድ ገና በሰፊው አልተሄደበትም።

ከላስ ቬጋስ የሚቀሰም ልምድ

በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ላስ ቬጋስ ሌላ ዓይነት አሠራር ታሳያለች። ነቫዳ በግለሰብ ገቢ ላይ የክፍለ ግዛት ግብር አትጥልም። ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ በረሃው ላይ የተዘረጋው ኤፔክስ ኢንዱስትሪያል ፓርክ መጋዘኖችንና ፋብሪካዎችን፣ መሀል ከተማው ደግሞ ሆቴሎችንና ቁማር ቤቶችን ያስተናግዳል። እንዲህ ባለ የንግድ ከተማ ለጥበብ ትምህርት የሚውል ገንዘብ ከየት ይገኛል?

እአአ በመጋቢት 2012 የተከፈተው የስሚዝ የመድረክ ጥበባት ማዕከል መልሱን በከፊል ይሰጣል። የማዕከሉ ወጪ በኪራይ መኪና ላይ ከተጣለ ግብርና ከበጎ አድራጊዎች ተሰብስቧል። ከፍተኛውን የበጎ አድራጎት ስጦታ፣ 150 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ የሰጠው በጋዜጣ ሥራ በበለጸገው ዶናልድ ሬይኖልድስ ስም የተቋቋመው ፋውንዴሽን ነው። ማዕከሉ ከትርኢቶቹ ጎን ለጎን ለተማሪዎችና ለመምህራን የጥበብ ትምህርት መርሐ ግብሮችን ያካሂዳል።

በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ተቋማት ብዙውን ጊዜ ቋሚ ገንዘብ ያስቀምጣሉ። ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ለኢንቨስትመንት ይውላል፤ ለሥራ የሚወጣው ትርፉ ነው። ለምሳሌ አንድ ሚሊዮን ዶላር ተቀምጦ በየዓመቱ አምስት በመቶው ቢወጣ 50 ሺህ ዶላር ይሆናል። መጠኑ ትልቅ ባይሆንም በየዓመቱ ስለሚመጣ መምህር በቋሚነት ለመቅጠር ያስችላል። በአሠራሩ ከቀድሞው የቤተ ክርስቲያን መሬት ጋር ይመሳሰላል፤ በሁለቱም ንብረቱ ተጠብቆ ፍሬው ለትምህርቱ ይውላል።

በዚያው ከተማ ሌላም ምሳሌ አለ። የክላርክ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሜክሲኮ የመጣውን የማሪያቺ ሙዚቃ በመደበኛ ክፍለ ጊዜ ያስተምራሉ። የስደተኛ ማኅበረሰብ ሙዚቃ በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ብቻ ሳይቀር የመንግሥት በጀት ያለው ትምህርት ሆኗል። ክራርና ማሲንቆ ለልጆቻቸው ማስተማር ለሚሹ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሕጉና የመምህሩ ደመወዝ

በኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚመለከተው ሕግ በቅርብ ዓመታት ተለውጧል። ጥብቅ ገደቦች የነበሩበት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቷል። አዲሱ አዋጅ ድርጅቶች ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማሩ ፈቅዷል፤ የአስተዳደር ወጪያቸው ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥም ደንግጓል። ለጥበብ ማሠልጠኛ የመጀመሪያው ድንጋጌ ጠቃሚ ነው፤ ትርኢት ሸጦ፣ አዳራሽ አከራይቶ ወይም ለሚከፍሉ ተማሪዎች ትምህርት ሰጥቶ ለማይከፍሉት መደጎም ይቻላል።

አስቸጋሪው ነገር የወጪው ዓይነት ነው። ለጋሾች ፒያኖ መግዛት፣ አዳራሽ መሥራትና ትርኢት ማዘጋጀት ይወዳሉ፤ እነዚህ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ በሪፖርትም ይቆጠራሉ። የሙዚቃ ሥልጠና ዋነኛ ወጪ ግን መምህሩ ነው። የተሰጠ ፒያኖ ቃኚና አስተማሪ ካላገኘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አቧራ የለበሰ ዕቃ ይሆናል።

ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ሥልጠና መስጠት የሚያስብ ሰው፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ቢኖር፣ ከስጦታው በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የመምህሩ ደመወዝ ለስንት ዓመት ተረጋግጧል? ድጋፉ ሲያበቃ ትምህርቱን የጀመሩት ልጆች የሚጨርሱበት መንገድ ታስቧል? ማሠልጠኛው ከለጋሽ ሌላ የራሱ ገቢ አለው? የሠለጠኑት ወጣቶች መልሰው ያስተምራሉ?

በቆሎ ተማሪው ሥርዓት ውስጥ ለመጨረሻው ጥያቄ የቆየ መልስ አለ። ድጓውን አድርሶ የተመረቀ ተማሪ ወንበር ዘርግቶ ሌሎችን ያስተምራል፤ የሚማሩትንም ልጆች ሌላ መንደር ይመግባቸዋል።