ሬዲዮና ኮምፒዩተር እንዴት ይነጋገራሉ?

ሬዲዮ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን ዜናና ዘፈን ነው። ነገር ግን ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀት ሲሉ በራሳቸው ሬዲዮ ከሩቅ አገር ሰው ጋር የሚገናኙም አሉ፤ አማተር ሬዲዮኞች ይባላሉ። በአገራችን የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ የሚገኘው አምስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ሲሆን መጠሪያ ምልክቱ ኢቲ3ኤኤ ነው።

ዛሬ የምናስረዳው ኤፍቲ8 ስለተባለው የኮምፒዩተር መላላኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ስቲቭ ፍራንክና ጆ ቴይለር ናቸው፤ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ የሥነ ፈለክ ሊቅ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ አጭሩን መልእክት ወደ 8 ዓይነት ፉጨት ይለውጠዋል። ፉጨቱ በሽቦ ወደ ሬዲዮው የድምፅ መግቢያ ሄዶ ይሠራጫል። የመጣው ደግሞ ከሬዲዮው መውጫ ወደ ኮምፒዩተሩ ገብቶ ተመልሶ ፊደል ይሆናል። አዳዲሶቹ ሬዲዮዎች ሁሉንም በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ይጨርሱታል። «ሲኪው ኢቲ3ኤኤ ኬጄ99» ቢል፣ «የሚሰማኝ ካለ ይመልስልኝ፤ ኢቲ3ኤኤ ነኝ፤ ያለሁት ኬጄ99 ነው» ማለት ነው። ኬጄ99 የካንና እንጦጦን የሚያቅፍ የካርታ ክፍል ነው።

አንቴናውም የሚያስፈራ አይደለም። ለ14.074 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ያህል የመዳብ ሽቦ ከመካከሉ ተቆርጦ፣ በየጎኑ 5 ሜትር ሆኖ ይዘረጋል። ጫፎቹ በናይለን ገመድ ከሁለት ባሕር ዛፎች ላይ ይታሰራሉ። የእንጦጦ ተራራ በሰሜን ቢጋርደንም፣ አጭር ሞገድ ከከባቢ አየር በላይኛው ክፍል ነጥሮ ስለሚመለስ ተራራውን ተሻግሮ ይመጣል።

እኛ ከአንድ መምህራችን በተዋስነው መቀበያ የካ ላይ ማዳመጥ ሞክረን ነበር። ፉጨቱ ይሰማል፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ግን አንድ ፊደል የለም! ሽቦውን ፈታን፣ መልሰን አሰርን፤ ምንም። ለካ ጥፋቱ ከሰዓቱ ነው፤ በእጅ ሰዓት የሞላነው ኮምፒዩተር 4 ሴኮንድ ዘግይቶ ኖሯል። በኤፍቲ8 ሁሉም ጣቢያ መናገር የሚጀምረው በደቂቃው 0፣ 15፣ 30 ወይም 45ኛው ሴኮንድ ላይ ነው፤ 13 ሴኮንድ ገደማ ተናግሮ ዝም ይላል። ሰዓቱን በኢንተርኔት ስናስተካክል መጠሪያዎቹ ተራ በተራ ተደረደሩ። በዓለም አቀፉ ሰዓት መጻፋቸውንም ልብ ይሏል፤ እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስንል እዚያ 6 ሰዓት ነው።

ይኼ ከክፍል ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል። ተማሪው ሁሉ ባንድ ጊዜ ከጮኸ መምህሩ ማንንም አይሰማም፤ ተራ ከተጠበቀ ግን ድምፁ የደከመውም ይሰማል። አንዱ ኤፍቲ8 የሚይዘው 50 ኸርዝ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጣቢያዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ጆሮ ያልለየውንም ፉጨት ኮምፒዩተሩ ያነበዋል።

ለማሠራጨት ሲደረስ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ከኮምፒዩተሩ የሚገባው ድምፅ ከበዛ መልእክቱ ተበላሽቶ ጎረቤት ጣቢያ ይረብሻል፤ ሬዲዮውም ያለ ዕረፍት ስለሚያሠራጭ እንዳይግል ኃይሉ መቀነስ አለበት። ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በ2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

እንግዲህ ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ቤተ ሙከራ የለም ብለን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። አንድ ሽቦ፣ አንድ መቀበያና አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ስለ ሞገድ፣ ስለ ጂኦግራፊና ስለ ሰዓት ሊያስተምሩልን ይችላሉ። ሰዓቱን ማስተካከል ግን አይረሳ!