አሮጌውን ንጉሥ አትቀቡት!

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4ለ2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ አንዱ ተጫዋቻችን ለብሶት የነበረ ማልያ ዛሬ ከሆነ ቤት ሳጥን ውስጥ ተገኘ እንበል። አንገቱ ጋ ተቀዷል፤ ቀለሙ ለቋል፤ ጭቃው እንደደረቀ ቀርቷል። ያገኘው ሰውዬ በደስታ ብዛት በበረኪና አጠበው፤ ቁጥሩንም በአዲስ ጨርቅ አሰፋው። ማልያው ጸዳ፣ አማረ። ግን አሁንም የ1962ቱ ማልያ ነው? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የኳስ አፍቃሪው መልሱ የሚጠፋው አይመስለንም። ከዚህ ጥያቄ ጋር በየቀኑ የሚፋጠጡ ሌሎች የስፖርት ሰዎች ደግሞ አሉ። እነሱ የሚሰበስቡት ማልያ ሳይሆን ቼዝ ነው፤ ያውም ያረጀ የሩሲያ ቼዝ። ጉልላቱ የወለቀውን፣ የፈረሱ ጆሮ የተሰበረውን እየፈለጉ ይገዛሉ፤ ከዚያም ሌሊት ቁጭ ብለው ይጠግናሉ።

የመልስ ጨዋታው ሌኒንግራድ ላይ

ለምን የሩሲያ? መልሱ አጭር ነው። ቦትቪኒክ በ1948 የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ ጀምሮ አሜሪካዊው ፊሸር በ1972 ሬይክያቪክ ላይ ስፓስኪን እስኪያሸንፍ ድረስ ዘውዱ ከሶቪየት ኅብረት አልወጣም። ቦትቪኒክ፣ ስሚስሎቭ፣ ታል፣ ፔትሮሲያን፣ ስፓስኪ እርስ በርስ ተቀባበሉት እንጂ ለውጭ ሰው አላስነኩትም። ቼዝ በየፋብሪካው ክበብ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየመናፈሻው ይጫወቱት ስለነበር ጠጠሮቹም በገፍ ይመረቱ ነበር።

ሰብሳቢዎች ለጠጠር ዓይነቶች ስም የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ከታላላቅ ግጥሚያዎች ነው። ለምሳሌ ‹‹ቦትቪኒክ-ፍሎር›› የሚሉት አለ። በ1933 ወጣቱ ቦትቪኒክ ከቼኮዝሎቫኪያው ሳሎ ፍሎር ጋር ተጋጠመ። ግማሹ ሞስኮ፣ ግማሹ ሌኒንግራድ ነበር፤ ልክ እንደኛ የደርሶ መልስ ጨዋታ ማለት ነው። ፍሎር ሞስኮ ላይ በሁለት ነጥብ መርቶ ሄደ። ቦትቪኒክ በመልሱ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ውጤቱን 6ለ6 አደረገው። ሰብሳቢው ዛሬ የዚያን ዘመን ጠጠር በእጁ ሲይዝ የሚያየው እንጨት አይደለም፤ ያንን የመልስ ጨዋታ ነው።

ዓይነቱን የሚለዩትስ እንዴት ነው ቢሉ፣ በድሮ ፎቶዎች ነው። የውድድር ፎቶ ያጎሉና የፈረሱን አንገት፣ የንጉሡን ወገብ ከእጃቸው ካለው ጋር ያስተያያሉ። ሁለተኛው መንገድ ሳጥኑ ላይ ያለው ማኅተም ነው። የሶቪየት ዕቃ የፋብሪካውን ስምና ዋጋውን ይዞ ይወጣ ስለነበር ዋጋው ራሱ ይናገራል። በ1961 አሥር አሮጌ ሩብል በአንድ አዲስ ሩብል ተቀይሯል፤ ስለዚህ ዋጋው የድሮው ነው ወይስ የአዲሱ ሩብል የሚለው ብቻ ዘመኑን በግማሽ ይፈታዋል።

መስቀል የሌለው ንጉሥ

በብዙ አገር የቼዝ ንጉሥ አናቱ ላይ መስቀል ይሸከማል። የሶቪየቱ ንጉሥ ግን አብዛኛውን ጊዜ መስቀል የለውም፤ በመስቀሉ ፋንታ ትንሽ ጉልላት ተደርጎለታል። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ የነጩ ጉልላት ጥቁር፣ የጥቁሩ ጉልላት ነጭ ነው።

ስማቸውም የሚገርም ነገር አለው። እኛ ፈረንጆቹን ተከትለን ‹‹ኩዊን›› የምንላትን ሩሲያውያን ‹‹ፌርዝ›› ይሏታል፤ ቢሾፑን ‹‹ዝሆን›› ይሉታል። የእኛ አባቶች በሰንጠረዥ ሲጫወቱ ምን ይሉ ነበር? ‹‹ፈርዝ›› እና ‹‹ፊል››፤ ፊል ማለትም ዝሆን ነው! ጨዋታው ከፋርስና ከዐረብ አገር ሲጓዝ ለሞስኮም ለጎንደርም ያንኑ ስም ጥሎ አለፈ ማለት ነው።

ታሪኩ ሁሉ ግን ደስ የሚል አይደለም። ሰብሳቢዎች ለረጅም ጊዜ ‹‹የላትቪያ›› ሲሉት የኖሩት አንድ ዓይነት አለ፤ ስሙም ከሪጋው ልጅ ከሚካኤል ታል ጋር ተያይዞ ይነሳ ነበር። በኋላ ማኅተም እየለቀሙ ሲያጣሩ ግን ላትቪያ ሳይሆን ሞርዶቪያ ውስጥ ባሉ የእስረኞች የጉልበት ሥራ ካምፖች የተሠራ ነው አሉ። ዛሬ ብዙዎቹ ‹‹የሞርዶቪያ›› ይሉታል። ስሙ የማይታወቅ እስረኛ የቀረጸው ፈረስ ማለት ነው። ያንን ማኅተም ‹‹ቆሻሻ ነው›› ብሎ በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈገ ሰው ምን እንዳጠፋ አስቡት።

ከምናለሽ ተራ እስከ ኢዝማይሎቮ

ሞስኮ ኢዝማይሎቮ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ደግሞ ኡዴልናያ የሚባሉ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች አሉ፤ የእኛን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ ሰው አይጠፋባቸውም። የውጭዎቹ ገዢዎች በኢንተርኔት ነበር የሚገዙት። የዩክሬን ጦርነት ሲስፋፋ ፔይፓል በማርች 2022 ሩሲያ ውስጥ አገልግሎቱን አቋረጠ፤ ከሩሲያ በቀጥታ መግዛትም ከበደ።

ገበያው ደግሞ ማጭበርበር አያጣውም። ሕንድ ውስጥ የድሮውን አስመስለው በደንብ የሚሠሩ አሉ፤ አዲስ ነው ብለው ከሸጡት ነውር የለውም፤ አርጅቷል ብሎ የሚሸጥ ሲመጣ ነው ችግሩ። ሌላው ‹‹ጋብቻ›› ነው፤ ከሁለት የተለያየ ሳጥን ጠጠር ለቅሞ 32 መሙላት። ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ አራቱን ፈረሶች ጎን ለጎን ያቆማል። ፈረስ በእጅ ስለሚቀረጽ የአንዱ ሠራተኛ እጅ ከሌላው ይለያል።

ጥገናው ላይ ደግሞ ሕጉ ቀላል ነው፤ ችግሩ መታገስ ነው። መጀመሪያ በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት፤ ውኃም ሆነ አልኮል ከመንካቱ በፊት ከሥር፣ በማይታይበት ቦታ መሞከር። የድሮ ቬርኒሽ በአልኮል ሊለቅ ስለሚችል አንዴ የተሳሳተ እጅ የስድሳ ዓመት መልክ ይዞ ይሄዳል። የጎደለ ጉልላት ካለ በቶርኖ ይወጣለታል፤ የሚመረጠው ግን ከተሰባበረ የዚያው ዘመን ጠጠር የተገኘ እንጨት ነው። የተሰበረ ጆሮ በኮላ ይያያዛል። ከታች ክብደቱ የወደቀበት ይሞላለታል፤ የሱፍ ጨርቁም ይለጠፋል። በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል መፈግፈግ ለጤናም ጥሩ አይደለም።

ክርክሩ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ወገን ‹‹ቼዝ የተሠራው ለጨዋታ ነው፤ ቀለሙ ከለቀቀ ይቀባ፣ ይጫወቱበት›› ይላል። ሌላው ‹‹የእጅ ወዙ ራሱ ታሪኩ ነው፣ አትንኩት›› ባይ ነው። የኛ ድምፅ ለሁለተኛው ይሁን እንጂ የመጀመሪያውንም ቀይ ካርድ አንሰጠውም። የተሰበረ ይጠገን፤ የጎደለ ይሟላ፤ የተደረገለትም ነገር ተጽፎ ይቀመጥ። ያረጀውን ግን አዲስ ለማስመሰል መሞከር በረኪና ውስጥ እንደገባው ማልያ ነው።

ሞስኮ ጎጎሌቭስኪ ቡልቫር ላይ ያለው የቼዝ ሙዚየም የተነሳው ከአንድ ሰው፣ ከሌኒንግራዱ ቪያቼስላቭ ዶምብሮቭስኪ ስብስብ ነው። አንድ ሰው ሳይጥል ያስቀመጠው ነው አገር የሚጎበኘው የሆነው።

ወደኛው ቤት እንምጣ። በደርግ ዘመን ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ሶቪየት ኅብረት ሄደው ተምረዋል። ከነሱ መሀል በሻንጣው ቼዝ ይዞ የተመለሰ መኖሩ አይቀርም። አጎትዎ ወይም አባትዎ ከነዚያ አንዱ ከሆኑ ቁም ሳጥኑን ይፈትሹ። ሲገኝ መጀመሪያ ሳጥኑን ገልብጠው ማኅተሙን ይዩ፤ ከዚያ እሳቸውን ‹‹ከማን ጋር ነበር የሚጫወቱበት?›› ብለው ይጠይቁና ጻፉት። ድሮ ንጉሥ ይቀባ ነበር። ይሄኛውን ንጉሥ ግን አደራ፣ አትቀቡት!