የአጥንት ካንሰርና ናኖ መድኃኒት፦ "ትንሽ ብንጠብቅስ?"



በቅርቡ እዚህ ከዚራ በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት እናት ስልካቸውን ከፍተው ሰጡኝ። ቴሌግራም ላይ ዘመድ የላከላቸው ቪዲዮ ነው፤ ናኖ የሚባል መድኃኒት የአጥንት ካንሰርን ያለ ኬሞ፣ ያለ ኦፕራሲዮን እንደሚያጠፋ ይናገራል። ልጃቸው 15 ዓመቱ ነው። ጉልበቱ አጠገብ ያበጠው ነገር ኦስቲዮሳርኮማ የሚባል የአጥንት ካንሰር መሆኑ በናሙና ከታወቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አዲስ አበባ ሄዶ ኬሞ እንዲጀምር ሪፈር ተጽፎለት ነበር። እናት ግን ወረቀቱን ቦርሳቸው ውስጥ አስቀምጠውታል።

"ዶክተር፣ ይሄ መድኃኒት ካለ ትንሽ ብንጠብቅስ? ቤቴንም ሸጬ ቢሆን ውጭ ወስጄ አሳክመዋለሁ" አሉኝ።

(የምጽፈው ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው። ማንነታቸው እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።)

እውነቱን ለመናገር ወዲያው የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። "ነገ ጠዋት ይምጡ፣ አንብቤ እነግርዎታለሁ" ብዬ ሸኘኋቸው። ሌሊቱን ሳነብ ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ለድሬ ሰው በባቡር ማስረዳት ይቀላል። ከጅቡቲ የተነሳ የጭነት ባቡር አስቡ። ጭነቱ በሙሉ የድሬዳዋ ነው፤ ግን ፉርጎዎቹ በር የላቸውም። ደወሌ ላይ ይራገፋል፣ አይሻ ላይ ይራገፋል፣ አዲጋላ ላይ ይራገፋል። እኛ ጣቢያ ሲደርስ የተረፈው ትንሽ ነው። የተለመደው ኬሞ እንደዚህ ነው። በደም ሥር ገብቶ መላ ሰውነትን ያዳርሳል። ፀጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው፣ የደም ሴል የሚወርደው ለዚህ ነው። ለአጥንት ካንሰር ከሚሰጡት አንዱ ዶክሶሩቢሲን (ቀይ ቀለም ያለው መድኃኒት ነው) ልብን ስለሚጎዳ አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ሊወስደው የሚችለው መጠን ገደብ አለው።

የናኖ ሐሳብ እንግዲህ ፉርጎውን መቆለፍ ነው። መድኃኒቱ በጣም ትንሽ በሆነ የስብ ከረጢት ይታሸጋል። ምን ያህል ትንሽ? አንድ ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንድ ፀጉር ውፍረት ቢሆኑ ነው። የካንሰር እብጠት የደም ሥሮቹን በጥድፊያ ስለሚሠራቸው ክፍተት ይበዛባቸዋል፤ ከረጢቱም በዚያ ሾልኮ ይገባል ተብሎ ይታሰባል። ይህንን ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ለአጥንት ደግሞ ሌላ ብልሃት ተጨመረ። ለአጥንት መሳሳት የምናዘው አሌንድሮኔት የአጥንትን ማዕድን ሲያገኝ ይጣበቃል። እሱን ከረጢቱ ላይ መለጠፍ ማለት ጭነቱ ላይ "አጥንት" ብሎ አድራሻ እንደመጻፍ ነው። ሐሳቡ በጣም ያምራል፣ እኔም ሳነብ ልቤ ተነስቶ ነበር።

ግን መንገዱ ላይ ኬላ አለ። ጉበትና ጣፊያ እንግዳ ነገር ሲያልፍ ይይዛሉ፤ አብዛኛው ከረጢት እዚያው ይቀራል። የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትንተና እንዳሳየው፣ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች እብጠቱ ጋ የደረሰው መካከለኛ መጠን 0.7 ከመቶ ነው። ከሺህ ጆንያ ሰባት ማለት ነው!

ታዲያ ሰው ላይ የዋለ የለም ወይ? አለ። ዶክሲል የተባለው በስብ ከረጢት የታሸገ ዶክሶሩቢሲን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ዛሬም ለሌሎች ካንሰሮች ይሰጣል። ለኦስቲዮሳርኮማ ግን መደበኛ ሕክምና አይደለም። ለዚህ ካንሰር አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተፈቀደው ሚፋሙርታይድ ነው። እሱም በስብ ከረጢት ይታሸጋል፤ ውስጡ ያለው ግን ኬሞ ሳይሆን የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ ነገር ነው። የሚሰጠውም እብጠቱ በኦፕራሲዮን ከወጣ በኋላ፣ ከኬሞ ጋር ተጨምሮ ነው። ልብ በሉ፣ ተጨምሮ እንጂ ተተክቶ አይደለም። ቪዲዮው ላይ ያለው፣ አጥንቱን ፈልጎ የሚሄደው ከረጢት፣ በአብዛኛው ገና አይጥ ላይ ነው ያለው።

እግረ መንገዴን፦ አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ታዳጊ ሔመን በቀለ እ.ኤ.አ. በ2023 የተሸለመበት የቆዳ ካንሰር ሳሙናም መድኃኒቱን ቆዳ ላይ ለማቆየት የስብ ናኖ ቅንጣት የሚጠቀም ነው። በጣም ያኮራል። እሱም ግን ሲሸለም ገና ምርምር ላይ የነበረ ነገር ነው። "የት ይሸጣል?" ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጻፋችሁልኝ መልሴ ይኸው ነው።

በማግስቱ እናቱና ልጁ አብረው መጡ። የባቡሩንም የኬላውንም ነገርኳቸው። ከዚያ ዋናውን አስከተልኩ። ኬሞ ሳይመጣ በፊት እግር ተቆርጦ እንኳን ከአምስት ታማሚ አንድ መትረፉ ብርቅ ነበር፤ በሽታው ቀድሞ ሳንባ ገብቶ ይቆያልና። አሮጌዎቹ መድኃኒቶች፣ ማለትም ዶክሶሩቢሲን፣ ሲስፕላቲንና ሜቶትሬክሴት፣ ከኦፕራሲዮን ጋር ተጣምረው በደንብ ሲሰጡና በሽታው ካልተሰራጨ፣ ከአሥር ስድስት ሰባቱ ይተርፋሉ። የልጁ የሳንባ ምርመራ ንጹሕ ነበር። "እናቴ፣ ዛሬ ንጹሕ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ንጹሕ ይሆናል ብዬ ልዋሽዎት አልችልም" አልኳቸው።

አለቀሱ። የከበዳቸው ያለፈው ጊዜ ነው። ልጁ ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፉ እየነቃ ሲያቃስት ለወራት ኳስ ጨዋታ ነው ተብሎ ዲክሎፌናክ ተገዝቶለታል፣ ሁለቴም ወጌሻ አሽቶታል። አልፈረድኩባቸውም። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ጉልበቱን ያመመውን አንድ ታዳጊ ራጅ ሳላዝለት ማስታገሻ ሰጥቼ ልኬዋለሁ፤ ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። አብዛኛው የልጅ ጉልበት ሕመም ካንሰር አይደለም፣ አትደንግጡ። ግን ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ በሳምንታት የማይሻል፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት ያለበት ከሆነ ከመታሸቱ በፊት ራጅ ይነሳ። በካንሰር የተበላ አጥንት በቀላሉ ይሰበራል።

ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ካንሰር ክፍል አለው። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ የሚሰጥ፣ ተስፋ አዲስ የሚባል ወላጆች ያቋቋሙት ድርጅትም አለ። ይህን ስነግራቸው እናት ከናኖው ይልቅ በዚህ ተነቃቁ፤ ለካ ግማሹ ጭንቀት "የት አድራለሁ" ነበር።

ልጁ እስከዚያ ዝም ብሎ ነበር።

"ፀጉሬ ይረግፋል?"

"ይረግፋል። ተመልሶ ይበቅላል።"

"እግሬስ?"

"እሱን ዛሬ ልነግርህ አልችልም። ኬሞው እብጠቱን ከያዘው የታመመውን አጥንት ብቻ አውጥተው እግርህን ሊያተርፉልህ ይችሉ ይሆናል። ካልሆነም ይቆረጣል። ሐኪሞቹን ራስህ ጠይቃቸው፣ አትፈር።"

ራሱን ነቀነቀ። ሐሙስ ንጋት 11 ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወጡ። ሪፈሩን የያዘው እሱ ነው።