ምዕራፍ 4፦ ከወንበሩ የተነሣ ሊቅ

የኮሮና ወረርሽኝ በሐኪሞች ላይ ስላደረሰው ጉዳት የሚጻፈውን ባነበብሁ ቍጥር የሚያስቈጣኝ፥ «ደከማቸው» ተብሎ ነገሩ እዚያው መዘጋቱ ነው፤ ድካምስ በእንቅልፍ ይቀላል፥ የልዩ ሕክምና ሊቃውንትን የጐዳቸው ግን ሌላ ነው።

የዋሸራን የቅኔ መምህር ከጉባኤው አስነሥተው፥ «የዙር አምባው የዝማሬ መዋሥዕት መምህር ታሟልና ሂድና ምራ» ቢሉት ምን ይሆናል? ሊቅነቱ አይጠፋም፤ ሆኖም ትናንት የምስጢር ባለቤት የነበረው ዛሬ ከደቀ መዝሙር በታች ይቆማል፥ የገዛ ተማሪዎቹም ከቅኔው መጀመሪያ፥ ከጉባኤ ቃና ሳያልፉ ይበተናሉ። ምሳሌውን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ብገፋው፥ የመተንፈሻው መሣሪያ መቋሚያ፥ የልብ ምት ጠቋሚው ጸናጽል፥ የሌሊት ተረኛይቱ ነርስም መሪጌታ ናት፤ ሊቁ ከእርስዋ አንደበት ይቀበላል።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በኒው ዮርክና በሎንዶን የሆነው ይኸው ነው፤ ቀጠሮ ያላቸው ቀዶ ሕክምናዎች ስለ ተላለፉ፥ አጥንት ጠጋኞቹ ሐኪሞች ቱቦ የገባላቸውን ጽኑ ሕሙማን በደረታቸው ከሚያስተኙት ጋር ተሰለፉ።

ሌሎቹ ደግሞ ወንበራቸውን ሳይለቁ ተቀሠፉ። የውሃኑ የዓይን ሐኪም ሊ ዌንሊያንግ፥ ባልንጀሮቹን ስለ አዲሱ ደዌ በማስጠንቀቁ በፖሊስ ከተገሠጸ በኋላ፥ ምልክት ካልታየባት የግላኮማ ታማሚ ደዌው እንደ ተላለፈበት ተናግሮ፥ ጥር 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ዐረፈ። ዓይን የሚመረመረው ትንፋሽ ለትንፋሽ ተቀራርቦ ነው፤ እንዲሁ ተቀራርበው የሚሠሩት የጕሮሮና የጥርስ ሐኪሞችም በዚሁ ፍርሃት ውስጥ ነበሩ።

ወረርሽኙ ጋብ ካለ በኋላ ለሐኪሞች በተዘጋጀ አንድ ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ «መንፈሰ ጠንካራ ሁኑ» እያለ በረዥሙ መተንፈስን ሲያስተምር፥ አንዲት የሰመመን ሐኪም «የሰው ትንፋሽ ስጠብቅ ከርሜአለሁ፤ እኔ የምሻው የሚተካኝ ተረኛ ነው» አለችው። እውነትዋን ነው! የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. «በርንአውት» የሚባለውን መዛል በሥራ ቦታ ካልተገታ ጫና የሚመጣ ነው ብሎ ሲተረጕመው፥ ጫናውን ትተው ሰውየውን የሚያሠለጥኑት ከቶ ምን አንብበው ነው?

ሊቁ ሲመለስ የተከማቸው ተራ ይጠብቀዋል። የዓይን ሞራ የጋረደው ሰው ወራት ቢዘገይም ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ብርሃኑን ይመልስለታል፤ ግላኮማ የወሰደው ብርሃን ግን አይመለስም። ስለዚህ የዓይን ሐኪሙ በተመለሰ ዕለት አስቀድሞ የሚያስወጣው፥ ከቀጠሮ የቀሩትን የግላኮማ ሕሙማን መዝገብ ነው።