የፒያሳ ሲዲዎች ሳይጠፉ መገልበጥ

ፒያሳ ዘፈን የሚገዛባት ሰፈር ነበረች። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ቴአትር ቤቱ እዚሁ አራዳ ነው፤ በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብትም ለእሱ ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን ክልከላ ደፍሮ የጣሰው ወጣቱ የሙዚቃ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ የእነ ዓለማየሁ እሸቴን፣ የእነ ግርማ በየነን፣ የእነ ሙላቱ አስታጥቄን ሥራ አሳተመ። በካሴቱ ዘመን ደግሞ ማህሙድ አህመድ ራሱ ፒያሳ ላይ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ይሠራ ነበር። ከካሴት በኋላ ሲዲ መጣ፤ ከሲዲ ጋር ቪሲዲ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በዲጂታል ካሜራ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች ሲበዙ፣ ሲኒማ ቤት ታይተው ያበቁት በቪሲዲ እየታተሙ በየሙዚቃ ቤቱና በየቪዲዮ ቤቱ ተሸጡ።

ያ ገበያ አሁን የለም ማለት ይቻላል። ዘፈኑ ስልክ ውስጥ ገባ፤ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በብዛት ፈረሱ። የተሸጡት ዲስኮች ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ አሉ፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ በመሳቢያ ውስጥ፣ አንዳንዶቹም ያለ ልባስ ተደራርበው። እየጠፋ ያለው ማጫወቻው ነው። አዲስ የሚገዛ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ የሲዲ ማስገቢያ የለውም፤ የድሮው ማጫወቻ ሌንሱ ሲደክም የሚጠግነው ሰው ማግኘትም ከብዷል። ዲስኮቹን በጥንቃቄ ለመገልበጥ የቀረን ጊዜ አጭር ነው። ይህን ሥራ ከማንም በተሻለ የሚሠሩት ደግሞ ምንም የሚጫኑት ቁልፍና ሥዕል የሌላቸው፣ ተርሚናል በሚባለው ጥቁር መስኮት ላይ በጽሑፍ የሚታዘዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው።

መጀመሪያ ዲስኩን እንወቀው። ሲዲ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ድምፁ የተጻፈው በአንድ ረጅም ጥምዝ መስመር ላይ ሲሆን፣ መስመሩ ቢዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሸክላ መርፌ ከዳር ተነሥቶ ወደ መሐል ይጓዛል፤ የሲዲ ጨረር ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር ይወጣል። ስለዚህ ዲስክን ዳር ዳሩን እየያዝን ስናቆሽሽ መጀመሪያ የሚበላሹት የአልበሙ የመጨረሻ ዘፈኖች ናቸው። የዘፈኖቹ ማውጫ የተጻፈው ግን ከመሐሉ ቀዳዳ አጠገብ ነው፤ እሱ ከተበላሸ ማጫወቻው ዲስክ መግባቱን እንኳ አያውቅም።

ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ገጽ ነው። ዋናው አደጋ ያለው ግን በጀርባው፣ ሥዕሉና ስሙ ባለበት በኩል ነው። ጨረሩን የሚመልሰው ስስ የብረት ሽፋን ያለው ከዚያ ሥር ሲሆን፣ የሚከላከልለት አንድ ቀጭን ቫርኒሽ ብቻ ነው። ከታች በኩል የተጫረ ፕላስቲክ ተወልውሎ ሊድን ይችላል፤ ከላይ በኩል በእስክሪብቶ ጫፍ የተወጋ፣ ወይም የተለጠፈበት ወረቀት ሲነሣ አብሮ የተላጠ ሽፋን ግን አይመለስም። ዲስኩን ፀሐይ ላይ ይዘው ሲያዩት ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ካለው እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፍቷል።

በፋብሪካ የታተመ ሲዲና ቤት ውስጥ በርን የተደረገ ሲዲም አንድ አይደሉም። በፋብሪካው ዲስክ ፕላስቲኩ ራሱ ተቀርጿል፤ ገጹም ብርማ ነው። በርን የተደረገው አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ወርቅማ ጥላ አለው፤ ይህ ጨረሩ በሙቀት የሚለውጠው ቀለም ነው። ቀለም ደግሞ በፀሐይና በሙቀት ይደበዝዛል። በደጃፍ ተደርድሮ ፀሐይ ሲመታው የዋለ፣ ወይም መኪና ውስጥ የከረመ እንዲህ ያለ ዲስክ ካላችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን ገልብጡ።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ፤ ትእዛዞቹ ለምን እንደሚለያዩ የሚገባን በዚህ ነውና። የሲዲ ድምፅ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት ለግራና ለቀኝ ድምፅ ሁለት ሁለት ባይት ይይዛል። ድምሩ በሰከንድ 176,400 ባይት ነው። ይህ በ75 ክፍሎች ሲከፈል አንዱ ክፍል 2,352 ባይት ይሆናል። ዘፈን ሲሆን 2,352ቱም ለድምፁ ይውላል። ፋይል ሲሆን ግን ለጽሑፉ የሚቀረው 2,048 ብቻ ነው፤ የተረፈው በአብዛኛው ስሕተት ማረሚያ ነው። ከዘፈን መሐል አንዲት ልኬት ብትጠፋ ማጫወቻው ከግራና ከቀኟ ባሉት ተመርቶ ሊገምታት ይችላል፤ ከሰነድ መሐል የጠፋ ፊደል ግን አይገመትም። ለዚህ ነው የ80 ደቂቃ ዘፈን የሚይዘው ዲስክ ፋይል ሲጫንበት 700 ሜጋባይት ላይ የሚያቆመው።

ቪሲዲ በሁለቱ መካከል ነው። ምስሉን የሚጽፈው ከማረሚያው አብዛኛውን ትቶ፣ በየክፍሉ 2,324 ባይት እየያዘ ነው። እንዲህም ሆኖ አንዱ ዲስክ ከ80 ደቂቃ በላይ ፊልም አይይዝም፤ ስለዚህ ነበር የአማርኛ ፊልሞች በሁለት ዲስክ ተከፍለው ይሸጡ የነበሩት፣ ታሪኩ ሲጦዝም ተነሥተን ዲስክ እንቀይር የነበረው። ማረሚያው ትንሽ ስለሆነ የተጫረ ቪሲዲ ቶሎ ይንጠለጠላል፤ ምስሉም በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይበታተናል።

ሦስት ዓይነት ዲስክ ሦስት ዓይነት መሣሪያ ይፈልጋል። ለፋይል ዲስክ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ያለው ዲዲ የሚባለው ትእዛዝ ይበቃል፤ ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው እንዳለ ቀድቶ አይሶ የሚባል አንድ ፋይል ያደርገዋል። ዲስኩ የተጫረ ከሆነ ዲዲ እንቅፋቱ ላይ ይቆማል፤ ያኔ የሚጠራው ዲዲሬስኪው ነው። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ አንብቦ ይጨርሳል፤ እምቢ ያሉትን ቦታዎች በአንድ የካርታ ፋይል ይመዘግብና በኋላ ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክራቸዋል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ካርታ ነው፤ ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ማንበቢያ ላይ ብትከቱትና በዚያው ካርታ ብትቀጥሉ የጎደለውን ብቻ ይፈልጋል። አንዱ ማንበቢያ ያልቻለውን ሌላው ብዙ ጊዜ ይችላል።

ለዘፈን ሲዲ ዲዲ አይሠራም፤ እዚያ ላይ ፋይል የሚባል ነገር የለምና። ሲዲፓራኖያን ተጠቀሙ። የዘፈን ዲስክ እያንዳንዱን ክፍል በትክክል የሚጠቁም አድራሻ ስለሌለው፣ ማንበቢያው ሲያቋርጥና ሲቀጥል ጥቂት ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ሊስት ይችላል። ሲዲፓራኖያ አንዱን ቦታ እያነባበረ ደጋግሞ ያነባል፤ ንባቦቹን ያስተያያል፤ ሲስማሙ ብቻ ይጽፋል። ከስሙ ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁን ቢ ከጻፋችሁ እያንዳንዱን ዘፈን በየራሱ ፋይል ያወጣላችኋል። የተጫረ ዲስክ ላይ ረጅም ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ታገሡት። ለቪሲዲ ደግሞ ቪሲዲኢሜጀር የሚባል ጥቅል አለ። በውስጡ ያለው ቪሲዲኤክስሪፕ ፊልሙን ከነአሠራር መግለጫው ያወጣል፤ ቪሲዲኤክስቢልድ ከዚያ መግለጫ ተነሥቶ ዲስኩን እንደገና ይሠራዋል።

ወደ አዲስ ዲስክ መጻፍ ለሚፈልግ ዋናው መሣሪያ ጀርመናዊው ዮርግ ሺሊንግ የጻፈው ሲዲሬኮርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በፕሮግራሙ ፈቃድ ጉዳይ ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ከሚያዘጋጁት ሰዎች ጋር ስላልተስማሙ እነሱ ወዲም የሚባለውን ከእሱ ቀድተው አወጡ፤ ዛሬ ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የምታገኙት ወዲምን ነው። ለዲቪዲ ግሮአይሶኤፍኤስ አለ።

ፋይሎችን ወደ አይሶ የሚያሰናዳው ጄንአይሶኢሜጅ ሲሆን፣ እዚህ ላይ አማርኛ ጸሐፊ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የሲዲ ፋይል ሥርዓት ጥንት ሲደነገግ ለስም የፈቀደው ትልልቅ የላቲን ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና የሥር ሰረዝን ብቻ ነበር። «ትዝታ» ብላችሁ የሰየማችሁት ፋይል በዚህ ሥርዓት ስሙ ይጠፋል። ጆሊዬት እና ሮክ ሪጅ የሚባሉትን ሁለት ጭማሪዎች በትእዛዙ ውስጥ ካስገባችሁ ግን የግእዝ ፊደል እንዳለ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ለዊንዶውስ፣ ሁለተኛው ለሊኑክስ።

መጻፍ ሲጀመር መቋረጥ የለም። ኮምፒውተሩ ሲዘገይ ጨረሩን ለአፍታ አቁሞ ካቆመበት የሚቀጥልበት ዘዴ በመጻፊያዎቹ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ መብራት ሲጠፋ ግን የሚያድን ነገር የለም፤ አንዴ የሚጻፍ ዲስክ ከሆነ ተበላሸ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥራ ባትሪው በሚይዝ ላፕቶፕ ወይም በዩፒኤስ መሥራት ያስፈልጋል። ወዲም ላይ ደሚ የሚለውን ቃል ብትጨምሩ ዲስኩን ሳያቃጥል ሙሉ ልምምድ ያደርግላችኋል። ፍጥነቱን መካከለኛ አድርጉት፤ በ16 እጥፍ አንድ ሙሉ ሲዲ 5 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ሲያልቅ አውጥታችሁ መልሳችሁ ክተቱና ሻ256ሰም በሚባለው ትእዛዝ የዲስኩንና የአይሶውን አሻራ አስተያዩ። አንዲት ባይት ብትለይ አሻራው በሙሉ ይለያል።

ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ በየቅጂው ድምፁ ይደክም ነበር። ሲዲ ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ያው ነው። የፒያሳን ሙዚቃ ቤቶች የጎዳውም ይኸው ጥራት ነው፤ ዘፋኙ አልበሙን ባወጣ በሳምንቱ ቅጂው መንገድ ላይ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ያ በደል ነበር፤ ዛሬም በደል ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለራሱ የግል መጠቀሚያ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል፤ ለኮምፒውተር ፕሮግራምና ለመሳሰሉት የራሳቸውን ገደብ አስቀምጧል። ገዝታችሁ ያስቀመጣችሁትን አልበም ለራሳችሁ ማትረፍ ትችላላችሁ። ገልብጦ መሸጥና ማሰራጨት ሌላ ነው።

የአምሃ ሸክላዎች ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ ሲዲ እንደገና ዓለም የሰማቸው ሥራዎቹን ጠብቆ ያቆየ ሰው ስለነበረ ነው። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ በሲዲ ብቻ የወጡ ብዙ አልበሞች እንዲህ ያለ ጠባቂ ይኑራቸው አይኑራቸው ገና አልተጣራም። አሳታሚው ከተዘጋ፣ ዋናው ቅጂ ከጠፋ፣ የቀረው እናንተ መሳቢያ ውስጥ ያለው ሊሆን ይችላል።

ስትገለብጡ ታዲያ ልባሱን አትርሱ። ዘፈኖቻችን በተጻፉባቸው ዲስኮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የዘፈኑ ስም እንኳ አይመዘገብም፤ ሲዲፓራኖያ የሚያወጣላችሁ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» እያለ ነው። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ፣ ማን ሳክስፎን እንደነፋ፣ የት ስቱዲዮ እንደተቀረጸ የሚገኘው በልባሱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ሁለቱንም ገጽ በስልካችሁ በደንብ ብርሃን አንሡት፤ ሥዕሉን ከዘፈኖቹ ጋር በአንድ ማኅደር አስቀምጡ፤ ስሞቹንም በአማርኛ በጽሑፍ ፋይል ገልብጡ። ከዚያ ማኅደሩን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ አንዱን ከቤታችሁ ውጭ፣ አኑሩት።